በድሮው ክር የተቆረጠ ኮት

ልብስ ሰፊዋ ሜትር የሚባል ነገር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ አታውቅም። እናቷ ያስተማረቻት በክር መለካት ነው። ሰው ሲመጣ አንድ ረጅም ክር ትመዛለች፤ ትከሻውን ለክታ ትቋጥራለች፣ ደረቱን ለክታ ትቋጥራለች፣ ወገቡን፣ እጅጌውን፣ እንዲያ እያለች ትጨርስና ክሩን ግድግዳው ላይ በምስማር ትሰቅለዋለች። የቱ የማን እንደሆነ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ግድግዳው ከሩቅ ሲታይ ጠጉር ያበቀለ ይመስል ነበር። የሞቱ ሰዎች ክር ሳይቀር አለ። «ደግሞ እነዚህ ተነስተው ሱሪ ሊያሰፉ ነው?» ብለው ሲቀልዱባት፣ «ይቀመጥ፣ ምን በላ?» ትላለች። ሰፈሩ ባለክሯ ይላታል።

የባሏ ክር ከመስኮቱ ጎን ነበር። ከእሱ ቀጥሎ የተሰቀለው የከንቲባው ነው።

ያኔ እንኳ ከንቲባ አልነበረም። ጉሮሮው ወጣ ያለ፣ ነፋስ የሚወስደው የሚመስል፣ ምረጡኝ እያለ የሚንከራተት ቀጭን ልጅ ነበር። ለመጀመሪያው ንግግሩ ኮት ሊያሰፋ ጨርቁን ይዞ መጣ። ኮቱ እስኪያልቅ ሁለት ቀን ሙሉ ከባሏ ጋር ደጃፉ ላይ ዳማ ተጫወተ። ሁለቱንም ቀን ተሸነፈ፣ በተሸነፈ ቁጥር ደግሞ ከልቡ ይስቃል። ባሏ ማታ እራት ላይ፣ ሲሸነፍ የሚስቅ ሰው ሲያሸንፍም ሰው አይረግጥም አላት። ባሏ ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም፤ የተናገረውን እሷ አትጥለውም። የሰፈሩ ሴቶች ማንን እንምረጥ ብለው ሲመጡ «ልጁን ነዋ» አለቻቸው። ቀሚሳቸውን አበላሽታባቸው የማታውቅ ሴት በምርጫ ታበላሻለች ብለው እንዴት ይጠርጥሩ? መረጡት። ከአራት ዓመት በኋላም ደግመው መረጡት።

ባሏ የሞተ ጊዜ ከንቲባው መጣ። አበባ ልኮ መቅረት ይችል ነበር። መጥቶ ግን ከቤቱ እስከ መቃብሩ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ሆነ። ዝናቡ ሲያወርደው ነው የዋለው፤ ጭቃው አንድ ጫማውን ይዞ አስቀረው፣ እሱ ግን ሸክሙን ሳይለቅ በካልሲው ሄደ። ያቺን ካልሲ ባለክሯ እስከ ዛሬ አትረሳትም። ግራጫ ነበረች፣ ተረከዟ ላይ የተጣፈች።

ታዲያ የቧንቧው ነገር መጣ። ለሰፈሩ ውሃ ሊገባ ነው ተባለና መንገዱ ዳር ሰው እስከ ወገቡ የሚውጥ ቦይ ተቆፈረ። ቧንቧው መጥቶ በየደጁ ተከመረ፤ ልጆች ሆዱ ውስጥ እየገቡ ተጫወቱበት፣ ስማቸውን በምስማር ጫሩበት። አንድ ጠዋት ሰው ሲነሳ ቧንቧው የለም። ጥራቱ ስላላማረ ተመልሷል ተባለ። ቦዩ ግን አፉን እንደከፈተ ሦስት ዓመት ቆየ። በሁለተኛው ዓመት የባለክሯ የባሏ እህት ውሃ ቀድታ ስትመለስ ከነባልዲዋ ገባችበት። ዳሌዋ ተሰበረ፤ ድና ስትነሳም አንድ እግሯ እየተጎተተ ቀረ።

ምርጫው ሊደርስ ወር ሲቀረው ጋዜጣ ወጣ፣ ፎቶም አለው። ያ ቧንቧ ከከተማው ውጭ፣ የከንቲባው ሚስት ወንድም እርሻ ላይ ተዘርግቶ ብርቱካን ያጠጣል። የጎረቤት ልጆች የጫሩት ስም ሳይቀር ይነበባል። ባለክሯ ጋዜጣውን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ፊደሉን አንድ በአንድ ለቀመችው። ስሙ የልጆቹ ነው፣ ምንም ማምለጫ የለውም። ያቺ ካልሲስ? እሷም የእሱ ናት። ሁለቱን አንድ ሰው ላይ ልታለብስ ሞከረች፣ እንቢ አላት።

ሰፈሩ ተቆጣ፣ ሌላ ሰው እንፈልግ አለ። ሊወዳደሩት የቀረቡት ሁለት ናቸው። አንዱ የከንቲባው ምክትል የነበረ ነው፤ ቧንቧው ይመለስ የሚለው ወረቀት ላይ ፊርማው አለ። በስብሰባው ሲጠየቅ የዚያን ቀን መነጽሬን አላደረግሁም ነበር አለ። ሁለተኛው አስተማሪ ነው፣ ንጹሕ ሰው፣ ክፉ የሚወራበት የለም። ችግሩ፣ ጥያቄ በተጠየቀ ቁጥር ደብተር አውጥቶ ይጽፋል። የባሏ እህት ተነስታ ቦዩ መቼ ይደፈናል አለችው፤ ጻፈ። ደግማ ጠየቀችው፤ መዝግቤዋለሁ አላት። ወደ ባለክሯ ጎንበስ ብላ፣ «ይሄ ሊያስተዳድረን ነው ወይስ ፈተና ሊያወጣልን?» አለች። ሁለቱም ሳቁ። ሲወጡ ግን አልሳቁም።

በዚህ መሐል ከንቲባው መልእክት ላከ፤ ሐሙስ ይመጣል፣ ለመጨረሻው ንግግሩ ኮት የሚሰፋለት የመጀመሪያውን በሰፋችለት እጅ ነው፣ ጋዜጠኞችም ይከተሉታል። የባሏ እህት ይህን ስትሰማ እግሯን እየጎተተች መጣች። ወንድሟ ከሞተ ወዲህ ሁለቱ ምሳ ለየብቻ በልተው አያውቁም። ሌላ ዘመድም የላቸውም።

«ስሚኝ» አለቻት፣ አልተቀመጠችም። «ለዚያ ሰውዬ መርፌ ካነሳሽ፣ ይቺን የተረፈችኝን እግር ከደጃፍሽ አላደርሳትም።»

«የወንድምሽን ሬሳ የተሸከመ ሰው ነው።»

«እኔንስ ማን ተሸከመኝ?»

የዚያን ቀን ምሳውም ሳይበላ ቀረ።

ሐሙስ ከንቲባው መጣ። ጉሮሮው ጠፍቷል፤ አገጩ ሸፍኖታል። ጋዜጠኞቹ በሩን ሞሉት። እሱ ግን ዐይኑን ጣል ያደረገው ባሏ ደጃፉ ላይ ዳማ ይጫወትባት በነበረችው አሮጌ በርጩማ ላይ ነው፤ «እዚህ ነበር የሚያሸንፈኝ» አለና ዐይኑ እንባ አቀረረ። ባለክሯ እንባውን ትኩር ብላ አየችው። የእውነት ይሁን የካሜራ መለየት አቃታት። ከንቲባ ከሆነ ወዲህ አንቱ ነበር የምትለው፤ አሁን ግን አፏ ቀደማት።

«ቧንቧውን ወስደሃል?»

ከንቲባው እንባውን ጠረገ።

«እናቴ፣ ነገሩ እንደሚወራው አይደለም።»

«እንዴት ነው ታዲያ?»

«ታሪኩ ረጅም ነው።»

«እኔ እንደሆነ ጊዜ አለኝ።»

ወደ ጋዜጠኞቹ ዘወር አለ፣ ወደ እሷም ተመለሰ። ሌላ ቀን ብቻዬን እመጣለሁ፣ ቁጭ ብለን እናወራለን አላት። ከዚያ ሊለካ እጁን ዘረጋ። እሷ ግን አዲስ ክር አልመዘዘችም። ከምስማሩ የድሮውን አወረደችና «ክርህ አለ» አለች።

ዓመት ያለፈውን ሰው ሳትለካ ቆርጣ አታውቅም። ሰው ይወፍራል፣ ሰው ይኮሰምናል፣ ክር አይታመንም የምትል እሷው ነበረች። የዚያን ቀን ግን በአሮጌው ክር ጨርቁ ላይ በጠመኔ አሰመረች፣ ቆረጠች፣ ሰፋች፣ ገበሩን አስገባች፣ ተኮሰች። የስፌት መኪናውን እየረገጠች የምታየው ያንን ቀጭን ልጅ ነበር። ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ሰው መጥቶ ወሰደው።

ቅዳሜ አደባባዩ ላይ ከንቲባው ኮቱን ለበሰ። አልቆለፍ አለው። እንደምንም ለብሶ መድረክ ወጣና ሕዝቡን ሰላም ሊል እጁን ሲያነሳ ከብብቱ እስከ ወገቡ ሸርከት ብሎ ተቀደደ። ሰዉ በሳቅ ወደቀ። ከንቲባውም ቀዳዳውን ዐይቶ ሳቀ፣ ያንኑ የዳማውን ሳቅ፣ ከልቡ። ባለክሯ ከሕዝቡ መሐል ቆማ ይህንን አየች፤ አላስቃትም፣ አላስለቀሳትም። ይህ ሰው የትኛው ነው? ይህን ብቻ ነበር የምታስበው።

ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ባለክሯ ተበቀለችልን አለ፣ ግማሹ ምስኪን አርጅታለች፣ ዐይኗ ደክሟል አለ። የባሏ እህት ከበቀሉ ወገን ነበረች። እሑድ ጠዋት ለምርጫ ሊወጡ ሲሉ መንገድ ላይ ጠብቃ አቀፈቻት። «እንዲያ ነው እንጂ! እኔ ደግሞ ሞኝ፣ ልትሰፊለት ነው ብዬ ስቆጣሽ» አለቻት።

ዝም ብትል ይበቃት ነበር። እቅፉም ናፍቋት ነበር፣ የብቻ ምሳውም ሰልችቷታል። ግን ያልቆረጠችውን ጨርቅ ቆረጥኩ ብላ አታውቅም።

«ሆን ብዬ አይደለም» አለች። «አለመሆኑንም አላውቅም። ያ የድሮው ቀጭን ልጅ እንዲሆንልኝ ፈልጌ ይሆናል። ላዋርደውም ይሆናል። እጄ ነው የሠራው፣ እኔ አላውቅም።»

የባሏ እህት እቅፏን ፈታች። ጥላት ወደ ቦዩ ሄደች። ምርጫ ጣቢያው ከቦዩ ማዶ ነው፤ መሻገሪያው አንዲት ሳንቃ ናት። ከሳንቃው ወዲህ የሰፈሩ ሴቶች ባለክሯን እየጠበቁ ቆመዋል።

«እትዬ፣ ማንን ነው?» አለች አንዷ፣ እንደ ድሮው።

«አላውቅም ልጄ።»

«እንዴ! እርስዎ ካላወቁ እኛ ምን ልንሆን ነው?»

«እኔ እንጃ። በዚህኛው እኔን አትከተሉኝ።»

ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ እንደ መናደድ ብላ ነጠላዋን አጣፋች፤ አንዷ መነጽር የሌለው ይሻላል፣ ሌላዋ የለም ደብተር ያለው ይሻላል እያሉ ተንጫጩ፤ ባለክሯ ግን ሬሳችንን የተሸከመውስ እያለች በሐሳቧ ወደዚያች ካልሲ ተመለሰች። ከጫጫታው መሐል የባሏ እህት ሳንቃው ጫፍ ላይ ቆማ፣ የታመመ እግሯን ዘርግታ መልሳ ስትሰበስብ ታየቻት። ብቻዋን መሻገር አትችልም፣ አሻግሩኝም አትልም።

ባለክሯ ሄዳ ክንዷን ያዘቻት። ተያይዘው ጎን ለጎን፣ ሳንቃው ከሥራቸው እየዘነበለ፣ አንዷ ስትጎተት አንዷ ስትጠብቅ ተሻገሩ። ባለክሯ ውስጥ ገብታ ወረቀቱን ስትይዝ ሦስቱንም ስም ብዙ ጊዜ አነበበች፤ የት ላይ ምልክት እንዳደረገች፣ ማድረግ አለማድረጓንም ለማንም አልተናገረችም።

ስትወጣ የባሏ እህት ግድግዳ ተደግፋ ጠበቀቻት። ፊቷ እንደተኮሳተረ ነው።

«ማንን እንደመረጥሽ አልጠይቅሽም» አለች። «ምሳ ሠርተሻል ወይ?»

«አልሠራሁም።»

«እንግዲያው ምን ትገተሪያለሽ፣ ነይ ያዢኝና እንሻገር።»