እሳት ልትጭር የሄደችው ሴት

ልጅ ሳለሁ በጋሞ ደጋ፣ ገረሴ ላይ ክረምት መግባቱን የምናውቀው በዝናቡ ሳይሆን በጉሙ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከሸለቆው ይነሳና እንሰቱን፣ አጥሩን፣ በመጨረሻም ደጃፋችንን ይሸፍነዋል። ያኔ ከብቶቹ ማንም ሳይነዳቸው በራሳቸው ወደ ቤት ይገባሉ፣ እኛም እንከተላቸዋለን። አሁን የምኖረው አርባ ምንጭ፣ ሰው ሁሉ በሙቀት በሚማረርበት ከተማ ነው። ለልጆቼ ስለዚያ ብርድ ስነግራቸው እያጋነንኩ ይመስላቸዋል።

የአያቴ ቤት ከቀርከሃ የተሠራ፣ ክብና ረጅም፣ መስኮት የሌለው ቤት ነበር። ከብቶቹ በአንድ ወገን፣ እኛ በሌላው፣ ምድጃው መሃል ላይ። ጭሱ መውጫ ስላልነበረው ወደ ላይ ወጥቶ ጣሪያው ውስጥ ይሰርጋል፤ የቤቱ አናት ከጥቀርሻ የተነሳ በኩራዝ ብርሃን ያብለጨልጭ ነበር። አያቴ በማገዶ ነገር ስስታም ነው፤ ስስቱ ግን ዘዴ ነበረው። በግድግዳው ክፍተት ሁሉ ደረቅ የእንሰት ቅጠል ይጠቀጥቃል፣ እኛን ልጆቹን የላሞቹ ትንፋሽ በሚደርስበት በኩል ያስቀምጠናል፣ ሊተኛ ሲል ደግሞ ፍሙን በአመድ ያዳፍናል። ከራት በኋላ የሚፈቅደው አንድ ግንድ ብቻ ነበር። ተረቱም የሚቆየው ግንዱ እስኪያልቅ ነው።

ብዙ ተረት ያውቃል፤ እኛ ግን የምንለምነው አንዱን ነበር። በጋሞኛ ስለነበር የሚነግረን፣ በአማርኛ ሳወራው ግማሹ ይቀርብኛል። አንዲት ሴት በክረምት የምድጃዋ እሳት ይጠፋባታል። ልጆቿን ጨለማ ቤት ትታ ከተራራው ማዶ እሳት ልትጭር ትሄዳለች። በገል ፍም ይዛ ስትመለስ የበረደው ሁሉ መንገድ ላይ ያስቆማታል፤ መጀመሪያ ነብር፣ ቀጥሎ መንገድ የጠፋው ነጋዴ፣ ቀጥሎ ዛፍ ሥር ምጥ የያዛት ሴት። ለእያንዳንዳቸው ከፍሟ ታካፍላለች። አንዲት ፍም ስትቀራት በመዳፏ ከልላ ደጃፏ ላይ ትደርሳለች። የአያቴ ግንድም ሁልጊዜ የሚያልቀው እዚያ ደጃፍ ላይ ነበር።

«ከዚያስ? ፍሙ አልጠፋም?» ብለን እንጮሃለን።

«ነገ ማገዶ ካለ እናያለን» ይላል። በነገታው ግን ከነብሩ ይጀምርና እንደገና ደጃፉ ላይ ይተወናል። እንዴት እንደሚያናድድ!

በኋላ ጓሯችን የነበረው ባህር ዛፍ አለቀ። አባቴ ከተማ ውስጥ ቤት ለሚሠሩ ሰዎች ሸጦት ነበር፤ በምትኩም ከቀርከሃው ቤት አጠገብ ባለ ቆርቆሮ ቤት ቆመልን። ማገዶው ሲጠፋ እናቴ በየቀኑ ሩቅ ቁልቁለት ወርዳ፣ ጎብጣ ተሸክማ መመለስ ጀመረች። አንድ ክረምት መግቢያ ላይ አባቴ ወሰነ። በአንድ ግቢ ሁለት እሳት አይነድም፤ እሳት የሚነደው ኩሽና ብቻ ነው፤ አያቴም ወደ ቆርቆሮው ቤት ይገባል። ክፉ ሰው ስለሆነ አልነበረም። የእናቴ ጀርባ አሳዝኖት ነው።

አያቴ ወዲያው አልተነሳም። «ልጄ፣ ይህ ቤት እስካሁን የቆመው በጭስ ነው» አለ። «ምስጡን የሚያባርረው፣ እርጥበቱን የሚያደርቀው ጭሱ ነው። እሳት ካጣ አይከርምም።»

«አባ፣ ቤት ብርድ አይሰማውም። እኔ የማስበው ለአንተ ነው» አለው አባቴ፣ ቡልኮውን እያነሳለት።

የቆርቆሮው ቤት ብርድ ሌላ ዓይነት ነበር። ጠዋት ጠዋት ከጣሪያው ውሃ ይንጠባጠባል፣ ከብት የለ፣ እሳት የለ። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ቆርቆሮው ስለሚንጫጫ አያቴ ተረት ሊጀምር አፉን ከፍቶ ይዘጋዋል። እኛም ለመስማት ስንሞክር ቆይተን ተውነው። እሱ ግን በሩን መዝጋቱን ሊያረጋግጥ እንደሚሄድ ሰው፣ በዝናብ መሃል ወጥቶ የቀዘቀዘ ምድጃውን ነክቶ ይመለስ ነበር።

ቤቱ አያቴ እንዳለው አልከረመም። ምስጥ ከሥሩ ገባ፣ ጣሪያው ረጠበ፣ በቀጣዩ ዓመት ሐምሌ ላይ ወደ አንድ ጎኑ ተኛ። አባቴ ቤቱ ሲፈርስ ቆሞ አየ፤ ከዚያ መጥረቢያ አምጥቶ ቀርከሃውን ከተከተው። ምን ያድርግ፣ ማገዶ ነው። ምስጥ ያልደረሰበት የላይኛው ክፍል የስንት ዘመን ጭስ የጠጣ ስለሆነ፣ ኩሽና ውስጥ እየተንጣጣ ሲነድ ኩሽናውን በሙቀት ሞላው። በልጅነቴ እንደዚያ ክረምት ሞቆኝ አያውቅም። አያቴን ደግፈን አምጥተን እሳቱ ዳር አስቀመጥነውና፣ ዛሬ እንኳ ማገዶ ሞልቷል፣ ተረቱን ጨርስልን አልነው።

«ቤቴን እየሞቅሁ ተረት አይወጣኝም» አለ።

ከዚያ በኋላ አልለመንነውም። ክረምቱ ሳይወጣ አረፈ፤ ቀርከሃው ገና አላለቀም ነበር።

ባለፈው ክረምት ብርድ ልብስ ይዤ ገረሴ ወጣሁ። አባቴ አርጅቷል። በዚያው ቆርቆሮ ቤት ከሰል አያይዞ፣ እጆቹን ከፍሙ በላይ ዘርግቶ ተቀምጦ አገኘሁት፤ ተቀምጦ ሳየው አያቴን መሰለኝ። ስንት ዓመት ሆዴ ውስጥ የቆየውን ጥያቄ ጠየቅሁት። እሱ ያደገው ማገዶ እንደልብ በነበረበት ዘመን ነው፤ መቼም የተረቱን መጨረሻ ሳይሰማ አይቀርም።

«አባዬ፣ ያቺ ሴት ደጃፉ ላይ ደርሳ ምን ሆነች?»

ፍሙን በእንጨት ቆሰቆሰ። «አልሰማሁትም» አለኝ። «ያኔ ግንዱ ትልቅ ነበር፣ ቤቱም ይሞቃል። ነብሩ ጋ ሳንደርስ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።»

ተረቱን እኛን ብርዱ ነጠቀን፣ እሱን ሙቀቱ። መጨረሻውን የሚያውቅ ሰው ጋ የሄድኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሁለታችንም ደጅ ቆመን ነው የቀረነው። አባቴ ቀና ብሎ አየኝ።

«ደርሳ ይሆን?» አለኝ፣ እንደ ልጅ።

«ደርሳለች» አልኩት። «ልጆቿም ሞቋቸዋል።»

ዝናቡ ግን ያኔውኑ ቆርቆሮው ላይ ወረደና እጁን ወደ ጆሮው አስጠጋ። የማላውቀውን ነገር ደግሜ፣ ጮክ ብዬ ነገርኩት።