ሻምበል ያልዋጠው ሳንቡሳ

አይደለም አልኩ፣ አይደለም! ሳቁ፣ ሳቁ፣ ምን ቸገረኝ። ትናንት ከዚራ ሰፈር ዛፍ ስር ጫታችንን ይዘን ቁጭ ባልንበት አንዱ ስልኩን አወጣና፣ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ እዚሁ ድሬ ሳንቡሳ ሲገምጥ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያጣጥም፣ እጁን ደረቱ ላይ ሲያደርግ አሳየን። «ይሄ ሰውዬ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ስንት ዓመት የነገሠ ተዋናይ ነው፤ አገራችንን እንዴት እንደሚወዳት አያችሁ?» ሲል ጀማዓው በሙሉ ሆዱ ባባና አንገቱን ነቀነቀ፤ እኔ ደግሞ የዚያን ቀን ዘይት እንደገና የሸተተኝ መሰለኝና የጎረስኩትን ልተፋው ምንም አልቀረኝ። ውሸቱን ነው፣ አልበላውም አልኳቸው። «አንተ ደግሞ የት ታውቀዋለህ?» ይሉኛል። እኔን? እኔን እኮ ነው የሚሉት! አቦ፣ ያ ሰውዬ የወለዳቸው ልጆች የማያውቁትን አውቅለታለሁ።

ከትምህርት ጋር አራተኛ ክፍል ላይ ነው የተሰነባበትነው፣ አልደብቅም፤ በእንግሊዝ ድራማ ግን ፕሮፌሰር ነኝ። ዩኒቨርሲቲዬ መጋላ ገበያ ውስጥ የነበረው የሙሜ ቪዲዮ ቤት ነው። (ሙሜ ብዬ በስሙ ስጠራው እንዳትታዘቡኝ፤ ድሬ ላይ አንቱታውን ሙቀቱ አቅልጦታል።) ጣራው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ በማዳበሪያ ጆንያ የተደፈነ፣ አንድ ክንፉ የወደቀ ቬንትሌተር እንደ አንካሳ ፍየል እያነከሰ የሚዞርበት፣ ከቀትር በኋላ ስልሳ ሰባ ሰው ታጭቆ የእግሩ ሽታ፣ የላቡ ሽታ፣ የተጣለው የጫት ገራባ ሽታ፣ በሩ ላይ የሙሜ ሚስት ዘሀራ የምትጠብሰው የሳንቡሳ ሽታ አንድ ላይ ተቦክቶ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ የሚጫንበት ቤት ነበር፤ እና ማልልን ካላችሁኝ ወላሂ፣ አንድ ቀን እንኳን አላስጠላኝም።

ሙሜ ሽርጡን ጠበቅ አድርጎ፣ የወይራ ዱላውን ይዞ ቴሌቪዥኑ ጎን ይቆምና ይተረጉምልናል። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ስድብ ሲመጣ በሶማልኛ፤ የሶማልኛው ስድብ ይጥማል ይላል። እንግሊዝኛ ያውቃል ወይ? ያኔ ማንም አልጠየቀም፤ እንግሊዞቹ ምን እንዳሉ ሳይሆን ሙሜ ምን እንዳለ ለመስማት ነበር የምንከፍለው። ካሴቶቹን የከባድ መኪና ሾፌሮች ከጅቡቲ ያመጡለታል፤ የቱ እንደሚቀድም የቱ እንደሚከተል የሚያውቅ የለም፤ በአብዛኞቹ ላይ ግን ያ ረጅም፣ አገጨ ሰፊ ሰውዬ አለበት። የመጀመሪያው ላይ ፖሊስ ስለነበረ ስሙን ሻምበል አልነው።

ተዋናይ ማለት ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን እየሆነ የሚሠራ ሰው ነው የሚባለውን ነገር ሙሜ በጭራሽ አይቀበልም። ፊቱ አንድ ከሆነ ሰውዬውም አንድ ነው፣ አለቀ። ስለዚህ ሁሉንም ካሴት ቀጣጥሎ አንድ ሕይወት ሠራለት፦ ሻምበል ፖሊስ ነበር፤ አለቃውን ሌብነት ላይ ይዞ አስሮ ተባረረ፤ ከዚያ ሕክምና ተማረ፤ አንዲት ሴት እጁ ላይ ሞተችበትና አዝኖ ቄስ ሆነ። ቀጥሎ የመጣው ካሴት ላይ መጠጥ ቤት ከፍቶ ሲቀዳ አየነውና ከኋላ አንዱ «ሙሜ፣ ቄሱ እንዴት መጠጥ ቤት ከፈተ?» ብሎ ጮኸ። ሙሜ ዞር እንኳን ሳይል፣ «ዋሪያ፣ የሰዉን ኃጢአት የሚሰማበት ቦታ መረጠ፤ ቤተክርስቲያን ማን ይመጣለታል?» አለው። እስቲ ከዚህ የተሻለ መልስ ያለው የዩኒቨርሲቲ ሰው ይቅረብ!

ሙሜ አንድ ነገር ላይ ግን አይቀልድም፤ ሻምበል አይዋሽም። ዓለም ቢገለበጥ አይዋሽም። ሰፈር ውስጥ ብይ ስንጫወት ስንጣላ «ሻምበልን!» ብለን እንምል ነበር፤ አገጩን ወደፊት አውጥቶ ሲራመድ ደግሞ እንደኔ የሚያስመስለው ከደቻቱ ወንዝ ወዲህም ወዲያም አልነበረም።

ታዲያ አንድ ቀን በአካል መጣ። ካሜራ ተሸካሚዎች አስከትሎ፣ የድሮውን ባቡር ጣቢያ አይቶ፣ መጋላ ገብቶ የሰፈር ምግብ ሲበላ ሊቀረጽ። ጸጉሩ ነጥቷል፣ አገጩ ግን ያው ነው። ከስንቱ ሻጭ የዘሀራን ምጣድ መረጡለት። ዘሀራ አዲስ ድሪያ ቀሚሷን ለብሳ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሥጋውን በራሷ እጅ ከትፋ፣ ቃሪያውን ጨምራ፣ ሊጡን እንደ ወረቀት አሳስታ ጠበቀችው፤ ሙሜ ደግሞ ሱሪ ለበሰ። ሙሜ! ሱሪ! ልጆቹ ራሳቸው መጀመሪያ አላወቁትም።

ሻምበል ሳንቡሳዋን በሁለት ጣቱ፣ የሞተ አይጥ እንደሚነሳ አድርጎ አነሳት። ገመጠ። ዓይኑን ጨፈነ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ «እምምም» አለ፤ እኛም አጨበጨብን። ካሜራ ያዡ እጁን ሲያነሳ ከነሱ ጋር የመጣች አንዲት ልጅ ሰማያዊ ፌስታል ይዛ ሮጠች፤ ሻምበል ጎንበስ አለና ያላመጠውን ሥጋ ከነምራቁ ጧ! አድርጎ ተፋው። ምላሱን በሶፍት ጠረገ። ከዚያ ፀጉሩን አበጠሩለትና እንደገና። ገመጠ፣ ጨፈነ፣ ደረቱን ነካ፣ «እምምም»፣ ፌስታል። ሰባት ጊዜ! ያ ፌስታል እየከበደ፣ እየተንጠባጠበ፣ ዝንቡ እየከበበው፣ የሰውዬው ሽቶ ደግሞ ከዘይቱ ጋር ተደባልቆ፣ እስከዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። የተራበ ሰው ፊት የተላመጠ ሥጋ መትፋት! ደግሞ በየመሃሉ ያቺ ፈገግታ፣ ከቧንቧ የምትከፈት የምትዘጋ።

ሦስተኛው ላይ ጭብጨባው ቆመ። አምስተኛው ላይ ሹክሹክታ ተጀመረ። ከማዶ ቦንቦሊኖ የምትሸጠው ሴትዮ ድምጿን ሳትቀንስ «ዘሀራ፣ ምን ብትጨምሪበት ነው?» አለች። በቃ፣ ይቺ ቃል ነበረች የቀረችው። መጋላ ውስጥ የምግብ ሻጭ ስም አንዴ ተበላሸ ማለት ምጣድሽን ሸጠሽ፣ ከከተማ ወጥተሽ መልካ ጀብዱ ግቢ ማለት ነው፤ አራት ልጅ በዚያች ምጣድ ነው የሚያድገው። ዘሀራ ጭልፋውን እንደያዘች ቀረች፤ ዘይቱ ውስጥ ያሉት ጠቆሩ፣ አላወጣቻቸውም። ሙሜን ብቻ ታየዋለች።

ከነሱ ጋር የመጣው አስተርጓሚ ያለቦታው መኪና አቆማችሁ ተብሎ ከትራፊክ ፖሊስ ጋር እየተጨቃጨቀ ነበር። ሰዉ «ሙሜ! ጠይቀው! ምን አለ?» እያለ ገፋው። ሙሜ ወደ ሻምበል ቀረበና ያለችውን እንግሊዝኛ ሁሉ አወጣ፤ «ሚስተር፣ ዋይ? ዋይ?» አለው፣ ፌስታሉን እያሳየ። ሻምበል ፈገግ ብሎ፣ የሆነ ረጅም ነገር ተናግሮ፣ የሙሜን ጉንጭ ልክ እንደ አህያ ጉንጭ በመዳፉ መታ መታ አደረገና ፊቱን አዞረ።

ሙሜ ወደኛ ዞረ። ፊልም ሊጀምር ሲል እንደሚያደርገው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጥርሱ የራሱ አይደለም!» ብሎ ጮኸ። «በሙጫ የተለጠፈ ነው! የዘሀራ ቃሪያ ሙጫውን አቀለጠበት! ‹አላህ ያውቃል እንዲህ ያለ ጣዕም አላየሁም፣ ብውጠው ግን ጥርሴ አብሮ ይሄዳል› ነው የሚለው፣ ያ ጀማዓ!»

መጋላ በሳቅ ፈረሰ። ቦንቦሊኖ ሻጯ ራሷ ሆዷን ይዛ መጥታ ሁለት ገዛች። ለዓሱር ሶላት ሳይጠራ ምጣዱ ባዶ ሆነ፤ ሳንቡሳዋም «ጥርስ ነቃይ» ተብላ ስም ወጣላት፣ ከሳቢያን ሰፈር ድረስ እየመጡ ይበሏት ጀመር። ዘሀራ ዳነች።

ሁሉም ሲሄድ እኔ ነበርኩ፣ እዚያው። ፌስታሉን ምሰሶዋ ላይ አንጠልጥለውላት ነው የሄዱት። ዘሀራ በጣቷ ጫፍ ይዛ ደቻቱ አሸዋ ላይ ልትቀብረው ስትነሳ፣ «ሙሜ፣ ጥርሱ እኮ እንደ በቅሎ ጥርስ የጠነከረ ነው» አለችው። ሙሜ ሱሪውን እያየ «አውቃለሁ» አለ።

በሳምንቱ ቪዲዮ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ፤ ሻምበልን በዓይናችን ካየን ወዲህ የመጀመሪያው ካሴት ነዋ። ሻምበል በር ከፍቶ ገባ፣ ባርኔጣውን ሰቀለ። ሙሜ ዱላውን አንስቶ የቴሌቪዥኑን መስታወት ነካ አደረገና «ሞተ» አለ።

«ሙሜ፣ ይኸው እየሄደ እኮ ነው!»

«ሞተ አልኩ። ይሄ ወንድሙ ነው፣ ስሙን አላውቀውም።»

ከዚያ ተቀመጠ። ካሴቱ እስኪያልቅ አንድ ቃል አልተነፈሰም። የሰውዬውን የራሱን ድምፅ የሰማነው ያን ቀን ነው፤ ስንት ዓመት የኛ ሻምበል ሲናገር የኖረው በሙሜ ጉሮሮ ነበር፣ አሁን ብቻውን ሲያወራ አፉ ውስጥ ምንም የለም። ሰው አንድ በአንድ ተነስቶ ወጣ። ሙሜ ከዚያ ወዲህ ሌላ ፊልም ያሳየን፣ ይተረጉም፣ ያስቅ ነበር፤ ግን የማይዋሽ ሰው ያለበት ፊልም መጋላ ዳግመኛ አልመጣም። ዛሬ ቤቱ የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል፤ በኪሴ ሺህ ፊልም አለ፣ የምምልበት አንድ ሰው ግን የለኝም።

እና እናንተ በስልክ አይታችሁ እኔን ትከራከሩኛላችሁ! ሂዱ፣ ባጃጅ ያዙና መጋላ ውረዱ፣ ያን ቀን የነበረውን ማንንም ጠይቁ፤ ሽማግሌ ጠይቁ፣ ያኔ ጎረምሳ የነበረውን ጠይቁ፣ ቦንቦሊኖ ሻጯን ጠይቁ። ሲገምጥ ያየ መቶ ሰው ታገኛላችሁ። ሲውጥ ያየ አንድ አምጡልኝ!