በገሾው ሥር የፈሰሰው ወተት

በ፲፱፻፸፭ ዓ.ም. በጥቅምት ወር ልጄ ሞተች። መሞቷን የቤቱ ሰው ያውቅ ነበር፤ ጎረቤቱም፣ የሆስፒታሉ ሠራተኞችም ያውቁ ነበር። ለእኔ ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ በሕይወት ላለች ልጅ እንደሚደረገው ሁሉ ጥዋትና ማታ ጡቴን እያለብሁ ወተት ስልክላት ሰነበትሁ። በደሉ ይህ ነው። የምጽፈው ስለ ሐዘን ሳይሆን ስለ በደል በመሆኑ፣ ከሁሉ አስቀድሜ በግልጥ ላሰፍረው ይገባኛል።

ነገሩን የቀሰቀሰው በቅርቡ ባሕር ዳር ውስጥ የገባሁበት አንድ የምርመራ ክፍል ነው። የእኅቴ የልጅ ልጅ ቤዛ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች፤ ለአልትራሳውንድ ስትሄድ አያቷንና እኔን ይዛን ገባች። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። የቤዛን ሆድ ቅባት ቀብታ መሣሪያውን ስታንሸራትት፣ ከግራጫው ምስል ውስጥ መጀመሪያ ራስ፣ ቀጥሎ አከርካሪ ወጣ። ከዚያ አንድ ነገር ስትነካ፣ ዱቄት በወንፊት ሲነፋ የሚሰማውን የሚመስል ፈጣን ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

ዓይኗ የደከመው እኅቴ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ "ምንድን ነው ይህ የሚነፋው?" አለች።

"ልቡ ነው፣ እማማ።"

"እናቲቱም ትሰማዋለች?"

"ከሁሉ በፊት ለእሷ ነው እንጂ የምናሰማው።"

እኅቴ ፊቷን ወደ በሩ መለሰች። ለምን እንደ መለሰች ከእኔ በቀር በዚያ ክፍል የሚያውቅ አልነበረም።

ሐኪሟ በወሊድ ጊዜ ምን እንደሚጠብቃት ለቤዛ በዝግታ አስረዳቻት። ሕፃኑ እንደ ተወለደ ተጠራርጎ በባዶ ገላው እናቱ ደረት ላይ ይደረጋል፤ በመጀመሪያው ቀን ገላው አይታጠብም፤ እትብቱ ቅቤ አይቀባም፤ እንገሩ ሳይደፋ ይጠባል፤ ደም እንዲረጋ መርፌ ይሰጠዋል፤ ዓይኑም ቅባት ይደረግለታል። ሁሉን ከሰማሁ በኋላ፣ ያለ ጊዜው ተወልዶ ማሞቂያ ክፍል ቢገባ ምን እንደሚደረግ ጠየቅኋት። እናቱ ገብታ ታየዋለች፣ ከቻለችም በደረቷ ታሞቀዋለች አለችኝ።

"ቢሞትስ?" አልሁ።

ቤዛ ወደ እኔ ዞረች። ሐኪሟ መሣሪያውን አስቀመጠችና፣ "እንነግራለን" አለች።

"በመጀመሪያ ለማን?"

"ለእናቱ ነዋ።"

ጥያቄው በነፍሰ ጡር ፊት የሚጠየቅ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ሆኖም መልሱን መስማት ነበረብኝ፤ እኅቴም እንድትሰማው ፈለግሁ።

ያን ዘመን በእስቴ፣ በመካነ ኢየሱስ ከተማ፣ መምህርት ነበርሁ። ዩኒቨርሲቲ እንደ ጨረስሁ የተመደብሁት እዚያ ነው። ባሌ የስማዳ ሰው፣ እሱም መምህር ነበረ፤ ክረምቱ ሳይወጣ ወደ ሰሜን እንዲዘምት ታዘዘ። በሸኘሁት ዕለት ጭቃው አውቶቡሱን ይዞት፣ ተሳፋሪው ወርዶ ሲገፋ ባሌም በአዲሱ ጫማው ሲገፋ አየሁት። መጨረሻ ያየሁት ያኔ ነው።

እርግዝናዬን በጤና ጣቢያ የሚከታተልልኝ አንድ ቀልደኛ ድሬሰር ነበረ፤ የጋይንት ሰው። ያኔ መሣሪያው ትንሽ የእንጨት መለከት ብቻ ነበር። ሰፊውን አፍ ከሆዴ ላይ፣ ጠባቡን ከጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል። "ይመታል። እንደ ዳዊት ደጋሚ ሳያርፍ ይመታል" ይለኝ ነበር። አንድ ጊዜ እኔም እንድሰማ ለመንሁት።

"መምህርት፣" አለኝ፣ "ጆሮሽን ከእምብርትሽ የሚያደርስ አንገት ካበጀሽ መለከቱን አልነፍግሽም።"

ሳቅሁ። ቀልዱ ቀልድ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን የዚያን ልብ ምት ድሬሰሩ ሰምቶታል፤ ኋላም በሆስፒታል አዋላጇ ሰምታዋለች። ያልሰማሁት እኔ ነኝ።

ምጡ ከጊዜው ቀድሞ መጣ። እኅቴ የምትኖረው ሆስፒታል ባለበት ከተማ ስለ ነበረ፣ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ተለምኖልኝ በእህል መኪና ተጫንሁ። ከጆንያዎቹ ላይ ተጋድሜ ሳይ ዝናቡ አቁሟል፤ ገብሱ በየማሳው ማሸት ጀምሯል፤ መንገዱ ዳር ያለው ባቄላ ፍሬ ይዟል። በምጥ መካከል ሰው እንዲህ ያለ ነገር ለምን እንደሚያስተውል አላውቅም። ያየሁት ግን ይህን ነው።

ሆስፒታሉን በስም አልጠራውም። ልጄን ወለድሁ፤ ሴት ናት አሉኝ። ብዙ ደም ፈሰሰኝ፤ በብርድ ልብስ ጠቅልለዋት ሲወጡ ከጥቅሉ የተረፈ አንድ ተረከዝ አየሁ። ከልጄ ያየሁት እሱን ብቻ ነው። ትንሽ ስለሆነች ማሞቂያ ያለበት ክፍል እንደ ገባች፣ እናቶች ወደዚያ እንደማይገቡ ነገሩኝ። ወዲያው ትኩሳት ያዘኝ። አልጋ ሲጠብ እኔን ወደ እኅቴ ቤት አስወጡኝ፤ እሷ ትቆያለች ተባለ።

እታለም እያልሁ የምጠራው ይህችን እኅቴን ነው። እናታችን ስትሞት ከተወለድንበት ከተማ፣ ከአርብ ገበያ፣ አምጥታ ያሳደገችኝና ያስተማረችኝ እሷ ናት። ክፉ ሴት አይደለችም። ይህንም የማስፈረው ለእሷ ብዬ ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው።

ጥዋትና ማታ ለልጄ በቆርቆሮ ኩባያ አልብላታለሁ፤ እኅቴ በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ትወጣለች። ስትመለስ ወሬ ይዛ ትመጣለች። አንድ ቀን ዓይኗን ገለጠች አለችኝ። ሌላ ቀን ጣቴን ጨብጣ አልለቅ አለች አለችኝ። ሌላ ቀን ደግሞ፣ "ግንባሯ የአባቷ ነው፤ ቁጣዋ ግን ያንቺ" አለችኝ፤ ሳቅን። ልጄ በእኅቴ አንደበት ወዛች፣ ወፈረች፣ ማስነጠስ ጀመረች። እኔም በልቤ ስም አወጣሁላት። ስሙን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ እዚህም አልጽፈውም።

የጎረቤት ሴቶች ገንፎ ይዘው ይገቡ ነበር። በቅቤ የራሰውን ገንፎ ዙሪያውን ተቀምጠን ስንበላ፣ እያንዳንዷ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ትለኝና ዓይኗን ወደ ገንፎው ትመልሳለች። "በእቅፍሽ ታሳድግልሽ" ያለችኝ አንዲት እንኳ አልነበረችም። ያን ጊዜ ትኩሳት ላይ ነበርሁ፤ ምርቃቱ እንደ ጎደለ የታወቀኝ ኋላ ነው።

በአገራችን መርዶ ወግ አለው። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፤ ሳይነጋ ይመጣሉ፤ ሰውየው በዘመድ ተከቦ ይረዳል። ለአራስ ግን መርዶ አይነገርም። ክፉ ወሬ የሰማች አራስ ደሟ ወደ ራሷ ይወጣል፣ ታብዳለች ይባላል። ስለዚህ ከአራስ ቤት እስክትወጣ አገር ሁሉ አንድ ሆኖ ይዋሻል፤ ውሸቱም እንደ ጽድቅ ይቆጠራል።

አንድ ጥዋት ትኩሳቱ ለቀቀኝ። እኅቴ ኩባያውን ይዛ ስትወጣ፣ ፀሐይ እንዲነካኝ ብዬ ግድግዳ ይዤ በጓሮ በር ወጣሁ። ሆስፒታል አልሄደችም። ከአጥሩ ጥግ ገሾው ሥር ቁጢጥ ብላለች። ወተቱን ቀስ አድርጋ፣ እንዳይረጭ እየተጠነቀቀች አፈሰሰችው፤ ኩባያውን ከእንስራው ባመጣችው ውኃ አለቀለቀች፤ ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሆስፒታል ደርሶ ለመመለስ የሚበቃ ጊዜ እስኪያልፍ ተቀመጠች። ስታለቅስ አላየሁም። አልቅሳ ቢሆን ኖሮ እዚህ እጽፈው ነበር።

ወደ መደቡ ተመልሼ ተጋደምሁ። ገባች።

"ጠግባ ተኛች" አለችኝ።

"ማን ናት የተኛችው? ገሾዋ?"

ኩባያውን መሬት ላይ አስቀመጠች። "አራስ አትረዳም፣ እኅት ዓለም። አንቺን ደግሞ እንዳላጣ ነው" አለች። ከሆስፒታል በወጣሁ ማግስት ነበር የሞተችው።

ትኩሳቱ በተመለሰብኝ ጊዜ እየተደገፍሁ ሆስፒታል ሄድሁ። አንዲት ነርስ በሩ ላይ ቆማ፣ አስከሬኑን ለእኅትሽ አስረክበናል፣ ወግ እንደሆነ ነግራን ነው ለአንቺ ያልተናገርነው አለችኝ። የተማረችዋ ነርስ ወግ ስትለኝ ከበሩ ተመለስሁ።

የባሌ መርዶ ኋላ መጣ። ሽማግሌዎቹ ሳይነጋ መጡ፤ ተከብቤ፣ ተይዤ፣ በወጉ ተረዳሁ። ሌላ ባል አላገባሁም፤ ሌላ ልጅም አልወለድሁም። ተምሬ ተምሬ ሰዎች ለማዕረጌ ከመቀመጫቸው የሚነሡልኝ ሴት ሆንሁ። ይህን ሁሉ ዘመን ግን ስለ አንድ ነገር አላዋቂ ሆኜ ኖሬያለሁ።

ክርስትና ሳይነሣ የሞተ ሕፃን ፍትሐት የለው፣ ተዝካር የለው፤ ከቅጥር ውጭ ይቀበራል፣ ምልክት አይቆምለትም። ልጄን የት እንደ ቀበረቻት እኅቴን በየጊዜው ጠይቄያታለሁ። መልሷ አንድ ነው፤ "ተይው። የእንዲህ ያለ ሕፃን መቃብር አይጠየቅም።" ከአልትራሳውንዱ በወጣን ጊዜም መኪና ውስጥ ጠይቄያታለሁ። ቤዛ ምስሉን እያሳየቻት ነበር፤ ወደ ወረቀቱ አጎንብሳ የማይታያትን ታይ ጀመር።

ውሸቱን ይቅር ልል እችላለሁ። ሊያድነኝ ታስቦ ነው፤ እብደቱም አልመጣም። ወግም ሰው እንዳይሞት የተሠራ ከሆነ እንደ መድኃኒት ይቆጠራል። አራስነቴ ግን ካለቀ ዘመን ሆኖታል፤ መድኃኒቱን ማቋረጥ ይቻላል።

እታለም፣ ማንበብ ስለማትችይ ይህን ቤዛ ታነብብልሻለች። ዘወር ብለሽ "ተይው" እንዳትይ፣ በእሷ ፊት እንድትሰሚው ነው የጻፍሁት። ከሆስፒታሉ በር ስትወጪ ልጄን ታቅፈሽ ነበር። ከበሩ ፊት መንገዱ ሁለት ይሆናል፤ አንዱ ሽቅብ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ይወጣል፣ ሌላው ቁልቁል ወደ ወንዙ ይወርዳል። በየትኛው ሄድሽ?