ከኋላዬ የነበሩት ሰው

አጎቴ «ሰው ብቻውን ቢሮ አይሄድም» ይሉ ነበር። ኬሚስትሪ ከብዶኝ እዚህ ውጭ አገር በምማርበት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተማሪ ከምታማክር ሴት ጋር ቀጠሮ ስይዝ፣ ልቀጣ የተጠራሁ መስሏቸው ሽማግሌ ሆነው አብረውኝ መጡ። ፉትሂልስ በሚባለው ሰፈር ከሚሠሩበት መጋዘን ሺፍታቸውን ጨርሰው ወጥተው፣ ቤት ገብተው ኮትና ከረባት አድርገው ነበር።

«ጋሼ፣ ሰርቪስ እኮ ነው፤ ለማንም ተማሪ የሚሰጥ እርዳታ ነው» አልኳቸው።

«ቢሆንም ከኋላሽ ሰው እንዳለ ይወቁ» አሉኝ።

አማካሪዋ ስትገባ ብድግ ብለው እጅ ነሷት። እሷም ግራ እየገባት ሁለተኛ ወንበር አመጣችላቸው። ስለ ኮርሱ ስናወራ እንግሊዝኛችን ቢፈጥንባቸውም ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡ። ሲወጡ በአማርኛ «ልጄን አደራ» አሏት። ከዚያ ወዲህ ከአንድም ቀጠሮ አልቀሩም፤ ኮቱም ያው ኮት ነበር።

በዚህ ዊንተር፣ በበረዶው ወቅት፣ አረፉ። ለቀብር የመጣው ዘመድ ሁሉ ወደየቤቱ ሲመለስ፣ ፋልከንሪጅ የሚባለው ሰፈር ባለው ቤታችን ውስጥ ከኮታቸው ጋር ቀረሁ።

ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን በባስ ሄድኩ። አማካሪዋ እንደ ልማዷ ሁለተኛውን ወንበር እየሳበች ወደ በሩ አየች።

«ዛሬ ብቻዬን ነኝ» አልኳት።

ምን እንዳልኩ በእንግሊዝኛ ስትጠይቀኝ ነው በአማርኛ መናገሬን ያወቅኩት።