ከላሊበላ የገዛነው ከበሮ

ሐሙስ ማለዳ፣ ጋሸና

ጎህ ሲቀድ ከመንደራችን ወጥተን ጋሸና ደረስን። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሻይ ቤቱ ደጃፍ ሁለት የእህል መኪኖች ቆመዋል፤ ሾፌሮቹ ጋቢ ተከናንበው ፍርፍር ይበላሉ። አብረውኝ ያሉት አጎቴ መሪጌታ ይኄይስ ናቸው። የደብራችንን ማኅሌት የሚመሩትም፣ ከበሮውን የሚመቱትም እርሳቸው ናቸው። ወደ ላሊበላ የምንሄደው ከበሮ ለመግዛት ነው።

የደብሩ አሮጌ ከበሮ ባለፈው ክረምት ተሰነጠቀ። ልጅ ሳለሁ ድምፁ እስከ ባቄላ ማሳችን ይወርድ ነበር፤ እናቴ አረሙን ትታ ቀና ትልና ታማትብ ነበር። ዘንድሮ ከአዲስ አበባ ለዕረፍት ስመጣ ምእመናኑ ለአዲስ ከበሮ ገንዘብ አዋጥተው፣ በምርጫው ግን ተከፋፍለው አገኘኋቸው። ወልድያ ከበርሜል ቆርቆሮ የሚሠራው አርባ ብር ነው። ላሊበላ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው ሁለት መቶ ብር፣ የወይፈን ዋጋ። "ቆርቆሮውን ገዝተን በተረፈው የቤተ ልሔሙን ጣሪያ እንጠግን" ካሉት መካከል እኔም አለሁበት።

አጎቴ ግን ተነሥተው፣ "ጉልበቴ ሳይከዳኝ ያን የድሮውን ድምፅ ለንግሥ አንድ ጊዜ ልስማው" ብለው ለመኑ።

ሕዝቡም "እንግዲያው ሄዳችሁ ሰምታችሁ ወስኑ" ብሎ ሁለታችንን ላከን።

ረፋድ፣ መንገድ ላይ

የተሳፈርነው ከእህል መኪኖቹ በአንዱ፣ ጤፍ በያዘ ጆንያ ላይ ነው። አቧራው ነጭ ነው፤ ቅንድባችንን ሸፍኖታል። በግራም በቀኝም የተወቃ ገብስ፣ የገለባ ክምር፣ ሣር ክዳን ቤቶች፣ ከዚያ ገደል። ኬላው ላይ አንድ ጠባቂ ከቀበሌ ያጻፍነውን መሸኛ ተቀበለን።

"ለከበሮ ግዢ ይላል። የኪነት ቡድን ናችሁ?"

"አዎን፣ የእመቤታችን ኪነት ነን" አሉ አጎቴ።

ጠባቂው ሊቆጣ ፈለገ፤ አልሆነለትም። ፊቱን አዙሮ እየሳቀ ገመዱን ለቀቀልን።

ከሰዓት በኋላ ላሊበላ ገባን። ሽሮ በሰባ አምስት ሳንቲም በላን። አጎቴ እንጀራውን ሲቆርሱ እንኳ የግራ እጃቸው ጣቶች ጠረጴዛውን ይመቱ ነበር።

ዓርብ ጠዋት፣ ከበሮ ሠሪው ዘንድ

አያ ደምሴ የሚባሉት ሠሪ ከከተማው በላይ ይኖራሉ። ግቢያቸው የዋንዛ ፍቅፋቂና የእርጥብ ቆዳ ሽታ አለው። ያለቀላቸውን ከበሮ አውጥተው አጎቴ አንገት ላይ አንጠለጠሉላቸው።

አጎቴ በትልቁ አፍ በኩል መቱት፤ በትንሹም መለሱ። ለአንባቢ እውነቱን ልናገር፦ ድምፁ ድርቅ ያለ፣ አጭር ነበር። የአጎቴ ፊት ወደቀ።

"አያ ደምሴ፣ የኛው አሮጌው እንዲህ አልነበረም።"

"እርሱም አዲስ እያለ እንዲሁ ነበር፣ መሪጌታ። ቆዳው እጅ መልመድ አለበት። እንጨቱም ገና አልደረቀም።"

"መቼ ይለምዳል?"

"እንጃ። ያኔ እኔም እርስዎም የለንም።"

"ለንግሥ ነው እኮ የምፈልገው! እሑድ!"

"እንግዲያ ወልድያ ይውረዱና ቆርቆሮውን ይግዙ። እርሱ ያለውን ድምፅ ዛሬውኑ ይሰጥዎታል፤ ሌላም የለው።"

እኔም ዕድሉን አገኘሁና፣ "አጎቴ፣ ሁለቱም እንዳሮጌው ካልሆኑ በርካሹ ብንወስድስ?" አልኩ።

አጎቴ ከበሮውን ሳያወርዱ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ቆይተው ብቻቸውን ሳቁ።

"የኔታን አስታወስኳቸው" አሉ። "ዲያቆን ሳለሁ አሮጌው አዲስ ነበር። የኔታ ሲመቱት፣ 'ምን ዓይነት ድንጋይ ነው ያሸከሙን! ያዝ፣ አንተው ተሸከመው' ብለው አንገቴ ላይ ጣሉብኝ። እኔም ስመታው ኖርኩ። መቼ እንዳማረ ግን አላውቅም።"

ከዚያ ወደ ዋጋ ገቡ። አያ ደምሴ አሥራ አምስት ብር ቀነሱ፤ ማንገቻውን መረቁ። ስንወጣ አጎቴ ከበሮውን እንድይዝላቸው አልፈቀዱም።

ቅዳሜ፣ መልስ

ሾፌሩ ለከበሮው የሰው ሒሳብ ካልከፈላችሁ አለ። "እንግዲያው ወንበር ስጠው" አሉት አጎቴ። ጆንያ ላይ ታቅፈውት ተቀመጡ። ጋሸና እስክንደርስ የአሮጌውን ድምፅ ዳግመኛ አላነሡም። እኔ ግን መንገዱን ሁሉ ሳስበው ነበር፤ የባቄላው ሽታ ጭምር ትዝ አለኝ።

እሑድ፣ ንግሥ

ግቢው ነጠላ በነጠላ ሆኗል። አጎቴ ከበሮውን አንግተው ወጡና ጥቂት መቱ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ከኋላዬ አንዲት ሴት፣ "የወይፈን ዋጋ ይኼ ነው እንዴ?" ስትል ሰማኋት። እናቴ አጠገቤ ቆማ ከበሮውን ታያለች።

የምስጋናው ወረብ ሊጀመር ሲል አጎቴ ቆም አሉ። ዓመቱን ሙሉ የጠበቁት ወረብ ነው። ማንገቻውን ከአንገታቸው አወለቁና ዲያቆን ብርሃኑ አንገት ላይ አጠለቁት። ብርሃኑ የኔ እኩያ ነው፤ ደነገጠ።

"መሪጌታ፣ ዛሬ? ኧረ እርስዎ ይምቱ!"

"የኔን እጅ ቢለምድ ምን ያደርግለታል? ያንተን ይልመድ።"

ብርሃኑ ፈራ ተባ ካለ በኋላ በሙሉ ጉልበቱ አሳረፈበት። አጎቴ ባዶ እጃቸውን አጨብጭበው ወረቡን አነሡ፤ በመካከሉ ወደ ብርሃኑ ጆሮ ጎንበስ አሉ።

"ቀስ በል እንጂ፤ ገና ብዙ ዓመት አብራችሁ ናችሁ።"