ከተረቱ የሸሸው ወንድሜ

ልጅነቴ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ወረርሽኝ ገብቶ የካምፓላ ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት ዘመን፣ ምሽታችን የአባባ ሞገስ ነበር። አባባ ሞገስ የአባቴ አጎት ናቸው፤ ሊጠይቁን ከአዲስ አበባ መጥተው አየር ማረፊያው ሲዘጋ እኛው ጋ ቀሩ። ካባላጋላ ሰፈር፣ በምንኖርበት ግቢ ውስጥ ያለችው ምግብ ቤታችን ደንበኛ አጥታ ስለነበር፣ ሰዓት እላፊው ከግቢ የማያስወጣን የሐበሻ ልጆች ሁሉ እዚያ እንሰበሰባለን። መብራት ሲጠፋ እናቴ ፋኖስ ትሰቅላለች፤ የከሰሉ ጭስ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን ከአባባ እግር ሥር እንኮለኮላለን።

ያኔ ተረት በጩኸት ነበር። «ተረት ተረት!» ሲሉ «የላም በረት!» ብለን ካላምባረቅን አይጀምሩም። «አልሰማሁም! ምሳ አልበላችሁም እንዴ?» ይሉናል። ጮክ ብሎ መመለስ ለተራኪው ክብር ነው፣ ዝም ማለት ንቀት። የቆርቆሮው ግድግዳ ድምፁን መልሶ ይተፋዋል፣ የብረት ወንበሮቹ ሲሚንቶውን ይፍቃሉ፣ አንበሳው ሊያገሳ ሲል አባባ ጠረጴዛውን በጡጫ ይነርቱታል። እኛ በሳቅ እንሞታለን። ስድስት ዓመት ያልሞላው ወንድሜ ናቲ ግን ጆሮውን ይዞ እየጮኸ ወደ ጓዳ ይሮጣል።

መጀመሪያ «ይሄ ልጅ ሰው አይወድም» ተባለ። ከዚያ «ዓይን ነው» ተባለ፣ ከዚያ ጸበል መጣ። አየር ማረፊያው ሊከፈት ነው ሲባል አባቴ ቆረጠ፤ ናቲ ከአባባ ጋር አዲስ አበባ ሄዶ እስኪሻለው ይጠመቃል። እናቴ አልተከራከረችም፤ ልብሱን እያጠፈች ስታለቅስ ግን አየኋት።

ታዲያ አንድ ምሽት ናቲ ራሱ መጥቶ መሃላችን ቁጭ አይልም! ጮኽን፣ አንበሳው አገሳ፣ ጠረጴዛው ተነረተ፤ ልጁ ንቅንቅ የለም። የአባባን አፍ ብቻ ትክ ብሎ ያያል። «እሰይ! ለቀቀው!» አሉ አባባ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ ሆነ። አባቴ ግን ጸበሉ ይቅር አላለም።

ከዚያ አንድ ጠዋት እናቴ ፊቱን ስታጥበው ኡኡ አለች። ከጆሮው ደም ይወርዳል። እሷ፣ አባባና እኔ ይዘነው ክሊኒክ ሮጥን። ነርሷ በባትሪ አይታ፣ በመቆንጠጫ ቀስ እያለች፣ ከሁለቱም ጆሮዎቹ የደረቀ ፖሾ አወጣች። ፖሾ! በየቀኑ የምንበላው የበቆሎ ገንፎ! ድብልብል አድርጎ በክብሪት እንጨት ጠቅጥቆታል። ክው አልኩ።

«ምነው ልጄ? ምነው?» አለችው እናቴ።

ናቲ አባባን አየ። «ተረቱ እንዳያመኝ» አለ።

አባባ ኮፍያቸውን አውልቀው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። «ወይ ጉድ! ምንም ሳይሰማ ነዋ የተቀመጠው» አሉ።

ቤት ስንደርስ አባባ አባቴን፣ «ልጁ የትም አይሄድም። መዳን ያለብን እኛ ነን» አሉት። አባቴ ደም የነካውን ፎጣ አይቶ፣ እናቴ ያጠፈችውን ልብስ ወደ ቦታው መለሰው። በዚያው ሳምንት ቆርቆሮው ላይ ብርድ ልብስ ተሰቀለ፣ ሲሚንቶው ላይ ሰሌን ተነጠፈ። ካትዌ ሰፈር ያለ ብረት ሠሪ አሮጌ ጎማ ቆርጦ ለወንበሮቹ ጫማ አደረገላቸው። አንዱ ጥግ በመጋረጃ ተከለለ፤ የደከመው ሁሉ ይገባበታል፣ የገባውን ደግሞ «ምን ሆንክ?» ማለት ክልክል ነው። መልሳችንን ከመጮህ ይልቅ በእጃችን እናሳያለን። አባባ ግን ምስኪን፣ ልማድ ሆኖባቸው አንበሳው ጋ ሲደርሱ ጡጫቸው ይነሳና አየር ላይ ይቀራል።

በመጀመሪያው ምሽት ናቲ ከመጋረጃው ብቅ አለ፣ ቀረበ፣ እጅጌያቸውን ያዘ፣ «ከዚያስ?» አለ። አባባ አለቀሱ። አየር ማረፊያው ሲከፈት ብቻቸውን ሄዱ።

ዛሬ ትልቅ ሰው ነኝ፤ ከግብዣ መሃል ተነስቶ የሚሮጥ ልጅ ባየሁ ቁጥር፣ «አይ፣ ሰው አይወድም» ሲባል በሰማሁ ቁጥር፣ ያ ድንጋጤ እንደ አዲስ ይይዘኛል። ጠልቶን ይሸሻል ስንለው የነበረው ልጅ፣ ከእኛ ጋር ለመቀመጥ ብሎ ነበር ጆሮውን ያደማው።