ለሚተነፍስ የሚታሰር ቋጠሮ

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ፣ ረዳቱ ሻንጣዬን የአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ሲያስር የቃጫው ገመድ ሽታ ቋሪት፣ ወደ ልጅነቴ ቤት መለሰኝ።

እናቴ ታማ፣ ጎረቤት በትከሻው ሆስፒታል ሊያደርሳት ቃሬዛ አምጥቷል። አባቴ ቃሬዛው ላይ አስተኝተዋት፣ ደረቷ ላይ የሚያልፈውን ገመድ ጫፉን ሲስቡት በሚላላ ቋጠሮ አሰሩት።

"አባባ፣ ለምን አያጠብቁትም?" አልኳቸው።

"ለሚተነፍስ ሰው እንዲህ ነው፣ ልጄ። ዳገቱ ላይ ይጠብቃል፣ ሜዳው ላይ ይላላል።"

በማግስቱ ይዘዋት ተመለሱ። ጋቢ ተከናንባ የተኛች መሰለኝና እንዲቀልላት የገመዱን ጫፍ ሳብኩት። አልላላም፤ ድርብ ቋጠሮ ነበር። አባቴ እጄን ያዙኝና ፊታቸውን አዞሩ።

"እህቴ፣ ላጥብቀው?" አለኝ ረዳቱ ከላይ።

"ላላ አድርገው" አልኩት፣ ሻንጣ መሆኑን ረስቼ።